የጀልባ ጎማ ፍለጋ

ውድ አንባቢዎች፣ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ጎማ ነው። የመኪና ጎማ እንዳትመስላችሁ፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ስድስት ክንፍ ያላት ጥቁር ነገር ናት። ዛሬ ጂንካ ላይ የራሴ ጋራዥ አለኝ፣ ፀጉሬም እየሸበተ ነው። ያኔ ግን ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ ራሴን የዞኑ አንደኛ መካኒክ አድርጌ የምቆጥር ወጣት ነበርኩ።

አሪ ነኝ፤ የተወለድኩት ገዘር አጠገብ ነው። እኛ ጋ ወንዝ ማለት ሱሪን ሰብሰብ አድርጎ የሚሻገሩት ነገር ነው። ሙያውን የተማርኩት ጂንካ ውስጥ ጋሽ በቀለ ከሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ሥር ሲሆን፣ እሳቸው ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የቆመ ሞተር እንዳይዝግ በየሳምንቱ መነሣት አለበት። ሁለተኛው፣ የተገጠመ ዕቃ ሳይፈተሽ ከግቢ አይወጣም። ሁለቱንም እንደ ጸሎት በቃሌ ይዣቸው ነበር፤ እስከዚያም ድረስ አሳፍረውኝ አያውቁም።

የተቀጠርኩበት የዞኑ ጤና መሥሪያ ቤት ሁለት ትልልቅ መኪና፣ አንድ ፒክአፕና ጥቂት ሞተር ብስክሌቶች ነበሩት። በዚያ ላይ ኦሞራቴ የምትቀመጥ አንዲት የአልሙኒየም ጀልባ ነበረች። ያኔ ኦሞራቴ ላይ ድልድይ አልተሠራም፤ ሐኪሞቻችን ወደ ታች የኦሞ ወንዝ ሐይቅ ወደሚገባበት አካባቢ፣ ወደ ዳሰነች መንደሮች የሚሄዱት በእሷ ነበር። ማን እንደሰጠን የሚያስታውስ አልነበረም። ከኋላዋ የሚንጠለጠለው ሞተር ላይ የነበረውን ጽሑፍ ፀሐይ ልጦ ጨርሶታል። መጽሐፉን ንብረት ክፍል ስጠይቅ አይጥ በላችው አሉኝ።

በተቀጠርኩ በወሩ፣ ጀልባዋን በዓይኔ ሳላያት፣ አንድ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ጀልባዋ ሥራ ፈትታ ከውኃ ወጥታ ዳር ላይ በምትቆምበት ወቅት ሞተሩ በየሳምንቱ ሰኞ ለአምስት ደቂቃ እንዲነሣ የሚያዝ ነበር። ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ኦሞራቴ ሄደ። ኃላፊው ጠርቶ ስላመሰገነኝ ግልባጩን ለብዙ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞሬአለሁ።

በዓመቱ ክረምት ኦሞ ሞልቶ ዳርቻውን ዋጠ። ከታች መንደሮች ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ መጣ፤ ሕፃናት ሞተዋልም ተባለ። ክትባቱን የምትመራው ሲስተር ትዕግሥት ነበረች፤ የሶዶ ልጅ ናት፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፣ ብዙ አታወራም። ልትነሣ ስትዘጋጅ ከኦሞራቴ በሬዲዮ ጀልባዋ ታመመች አሉን። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይሄድና ግሎ ይቆማል። በፒክአፑ ወርጄ ሞተሩን ፈታሁና ጂንካ አመጣሁት።

ስከፍተው ከታች በኩል ውኃ የሚስብ ፓምፕ አገኘሁ። በውስጡ ያለችው ጎማ ክንፎቿን በሙሉ ጨርሳ የነሐስ እምብርቷ ብቻ ቀርቷል። ደስ አለኝ፤ በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ጣት የምታክል ጎማ ናት ብዬ። ምን ያህል እንደተሞኘሁ ያወቅኩት ሱቅ ስሄድ ነው።

የመጀመሪያው ባለ መለዋወጫ ጎማዋን አገላብጦ አየና የምን መኪና እንደሆነች ጠየቀኝ። የጀልባ ናት ስለው ሳቀ፤ ከዚያ ሚስቱንም እንድትስቅ ከጓዳ ጠራት። ሁለተኛው አልሳቀም፤ የውኃ ፓምፕ ከሆነ የመስኖ ፓምፕ ልስጥህ ብሎ ሳህን የሚያክል ነገር አወጣልኝ። ሦስተኛው የሻንሲ ቁጥር አምጣ አለ። ጀልባ ሻንሲ እንደሌላት ብዙ አስረዳሁት። እሱም ሻንሲ ለሌለው ነገር ዕቃ አይገኝም ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ቴሌ ሄጄ አዲስ አበባ ደወልኩ። የደረሰኝ ነጋዴ የሞተሩን ሞዴል ጠየቀኝ። ተፍቋል ስለው ቀለሙን ጠየቀኝ። ቀለሙም ተልጧል ስለው እንግዲያ በአውቶቡስ ናሙና ላክና በወሩ ደውል አለ። ሲስተር ትዕግሥት አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። በወሩ የሚከተብ ልጅ ላይኖር ይችላል ብላ ወጣች።

በማግሥቱ አርባ ምንጭ ሄድኩ፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ በሞተር የሚሠሩ ባለጀልባዎች መኖራቸውን ሰምቼ ነበር። አንዱ ለሌላው እያስተላለፈኝ ዋልኩ። ሁሉም አሮጌ ዕቃ የተሞላ ጣሳ አላቸው፣ ሁሉም ጣሳቸውን መሬት ላይ ይዘረግፉልኛል። አንዷ ጎማ በአንድ ሚሊ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እምብርቷ ይጠባል፣ አንዷ ደግሞ ልክ ሆና ክንፏ አምስት ነው። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ራሴን መሬት ላይ ተቀምጬ የማያስፈልገኝን ዕቃ ሁሉ ስለካ አገኘሁት። መኪና ብቻ የማውቅ ሰው፣ ከጎኔ እንዲህ ያለ ሌላ የሞተር ዓለም መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ እምብርቱን ተቀብሎ በጥፍሩ ፋቀውና ይህንን ሞተር የያዘ ሰው አሁንም አለ እንዴ አለኝ። ገብቶ ከዘይት ጣሳ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ጎማ አወጣ። ስድስት ክንፍ ነበራት። ለካኋት፣ ልክ ሆነች። የመጨረሻዬ ናት አለኝ። ከዚያ ወደ ጀልባው ና፣ እንዴት እንደምትያዝ ላሳይህ ብሎ እጄን ያዘኝ። እኔ ግን አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ተጣደፍኩ። መካኒክ መሆኔንም ሳልነግረው አልቀረሁም።

ጂንካ እንደገባሁ ጎማዋን ገጥሜ ሞተሩን በእንጨት ላይ አሰርኩት፤ ቀጥሎ የጋሽ በቀለ ሁለተኛ ሕግ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ከቢሮ ወጥቶ ከበበኝ። ገመዱን ሦስት ጊዜ ስስበው ሞተሩ ተነሣ፣ ሰውም አጨበጨበ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበር እሱም እንዲያይ ብዬ እስኪወጣ ድረስ አላጠፋሁትም። ሦስት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ከሞተሩ ጀርባ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አየሁ፤ ለምን እንደተሠራች አሰብኩና መልስ ሳላገኝ ተውኩት።

በማግሥቱ ከሲስተር ትዕግሥትና ከሾፌሩ ከታደሰ ጋር በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርገን ኦሞራቴ ደረስን። ሁለት የክትባት ሳጥን ይዘናል። ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ እስከ ሦስተኛው ቀን ማታ ብቻ ነው የሚይዘው። ኦሞራቴ ያለው የላምባ ፍሪጅ ተበላሽቷል፣ ስለዚህ ሌላ በረዶ የለም። ከእንጨት በተፈለፈለው የአካባቢው ታንኳ መውረድ ይቻል ነበር፤ ግን ያን ሙላት ተቃውሞ ለመመለስ ቀናት ይፈጃል፣ ሳጥኑም ቢገለበጥ አለቀ።

ጀልባዋን የሚነዳው ሎበሌ ነበር። ዳሰነች ነው፣ አርባውን ያለፈ፣ ቀጭን ሰው። አማርኛውን የለቀመው ከተማው ውስጥ ካሉ ወታደሮችና ነጋዴዎች ነው። ሥራ ሲፈታ በርኮታውን፣ ያቺን መቀመጫም ትራስም የምትሆን እንጨት፣ በቢላ ሲቀርጽ ይውላል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞተሩን ከጀልባዋ ጀርባ ሰቀልንና ተነሣን።

ሎበሌ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ያያል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወደ ሞተሩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አየና በቋንቋው አንድ ነገር አለ። ፍጥነቱን ቀነሰ። ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ነጭ እንፋሎት ወጣና ሞተሩ ዝም አለ። ወንዙ ወዲያው አዞረን። ሎበሌ በረጅም እንጨት፣ እኔ በሳንቃ፣ ሲስተር ትዕግሥት ሳጥኖቹን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንደምንም ዳር ያዝን። ሰዎች በገመድ ጎትተው ወደ ተነሣንበት ሲመልሱን ግማሽ ቀን ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዛፍ ሥር ፓምፑን ከፈትኩት። አዲሷ ጎማ ክንፎቿ ተላልጠው ጉቶ ሆነው ቀርተዋል። ሲስተር ትዕግሥት አዲስ አልነበረችም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ፎርጅድ ናት» አልኳት። «ሰውየው አጭበርብሮኛል።»

ይህን ስል እውነቴን ነበር፤ አምኜበት ነው የተናገርኩት። እሷ ሳጥኖቹን ወደ ጥላ ልታስወስድ ስትሄድ ሎበሌ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ያቺን የሞተሩን ትንሽ ቀዳዳ በጣቱ ነካት።

«እሱ ደህና ሲሆን በዚህ ይሸናል» አለኝ። «ዛሬ አልሸናም። ጂንካ ላይ ሸንቷል?»

«አልሸናም» አልኩት።

«ጂንካ ላይ ውኃ የጠጣው ከየት ነው?»

እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጥኩ። መኪና ውኃውን በራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይህ ሞተር ግን የሚጠጣው ከቆመበት ወንዝ ነው። ጎማዋ የተሠራችው ውኃ ውስጥ እንድትሽከረከር ነው፣ ውኃው ነው የሚያለሰልሳት። እኔ ደረቅ ግቢ ውስጥ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ ብረት ላይ ፈጨኋት። ወዲያው ሌላ ነገር መጣብኝ። ሎበሌም ያንኑ እያሰበ ነበር።

«ሰኞ ሰኞ ዘበኛው ያስነሣል» አለ። «ጀልባ ደረቅ ላይ። ተው ስለው፣ ደብዳቤ አለ፣ ማኅተም አለ ይለኛል። ማን ነው የጻፈው?»

መፍቻውን አንሥቼ በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ሲስተር ትዕግሥት ተመልሳ ውሳኔዋን ነገረችን። በረዶው የሚቆየው እስከ ነገ ማታ ነው። አሁን ከተነሣን ጂንካ እስክንገባ መድኃኒቱ አይበላሽም፤ ለሌላ ቀበሌ ይሆናል። ወደ ታች የሚኬደው አዲስ አበባ ትክክለኛውን ዕቃ ሲልክ ነው። ታደሰን ሳጥኖቹን ጫን አለችው። ድምፅዋ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ ዓይኖቿ ግን ወንዙን ማየት አልፈለጉም።

እኔ ፒክአፑን እያየሁ ነበር። ከኋላ እግሩ ጀርባ ጭቃ እንዳይረጭ የተንጠለጠለች ወፍራም ለስላሳ ጎማ አለች። ከእሷ ባለ ስድስት ክንፍ ቅርጽ እየቆረጥን፣ ሦስቱን ደራርበን ያልተቃጠለው የነሐስ እምብርት ላይ ብናስራት፣ በዝግታ ከሄድን ልታደርሰን ትችላለች። ሐሳቤን ለሲስተር ነገርኳት።

«ኤርምያስ» አለችኝ፣ «ከአርባ ምንጭ የመጣው ሳንርቅ ተቃጠለ። የመኪና ጭቃ መከላከያ ይዤ መሀል ወንዝ እንድገባ ነው የምትፈልገው?»

ልክ ናት። የአርባ ምንጩ ሰውዬ ዕቃ ፎርጅድ ከሆነ የእኔ ቅዳጅ ከዚያ የባሰ ነው። ቅዳጁ ሊሠራ የሚችለው የሰውየው ጎማ ደህና ከነበረች ብቻ ነው፤ እሷ ደህና ከነበረች ደግሞ የገደልኳት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ? ከሥራ መባረር አልነበረም። ያንን ጭብጨባ ነው ያሰብኩት፤ ጂንካ ስመለስ ሰዎቹ እንዴት እንደሚያዩኝ። ታች ያሉት ልጆች ወደ አእምሮዬ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንዲህ ብዬ ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ታደሰ ሳጥኖቹን ጭኖ የመጀመሪያውን ገመድ አሰረ። ሎበሌ በርኮታው ላይ ተቀምጦ በሩቁ ያየኛል።

«ሲስተር፣ ሰውየው አላጭበረበረኝም» አልኩ። «ጎማዋ ደህና ነበረች። ጂንካ ላይ ያለ ውኃ አስነሥቼ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። የድሮዋንም የጨረሰው ሞተሩ ሰኞ ሰኞ እንዲነሣ የሚለው ደብዳቤ ነው። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውኃ ውስጥ ከተነሣ ጭቃ መከላከያውም ይሠራል።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» አለችኝ።

ታደሰ ጭቃ መከላከያው ሲፈታ ንብረት ክፍልን ምን ልበላቸው እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም መፍቻውን ያቀበለኝ እሱ ነው። ሎበሌ እምብርቱን ጎማው ላይ አስቀምጦ በሳሙና ዙሪያውን አሰመረ። ከዚያ በርኮታ የሚቀርጽበትን ቢላ ድንጋይ ላይ ስሎ መቁረጥ ጀመረ። እኔ በሚሊ ልለካለት ስል እጄን ገፋው፤ እሱ በዓይኑ የቆረጠው ግን ሲገጠም ከእኔ መለኪያ ጋር አንድ ሆነ። ሁለት ቅርጽ አበላሸን። ሦስቱን ደራርበን በቀጭን ሽቦ ሰፋናቸው፣ ሳሙና ቀባናቸው፣ ፓምፑ ውስጥ ከተትናቸው።

ብሎኑን እንዳጠበቅኩ እጄ በራሱ ወደ ማስነሻው ገመድ ሄደ። ልፈትሻት ነው እኮ። ሎበሌ እጄን ያዘው።

«መጀመሪያ ይጠጣ» አለ።

ሞተሩን ጀልባዋ ላይ ሰቅለን እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ አወረድነው። ሎበሌ ገመዱን ሳበ። ተነሣ። አራታችንም ጎንበስ ብለን ያቺን ቀዳዳ ማየት ጀመርን። ምንም አልወጣም። ሎበሌ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ከቀዳዳዋ አንዲት ጠብታ ወጣች፣ ቀጥላ ሌላ፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ተስፈነጠረ። ሲስተር ትዕግሥት ሳቀች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

በዝግታ ወረድን። የእኔ ሥራ ወደ ኋላ ዞሬ ተቀምጬ ያቺን የውኃ ክር መጠበቅ ሆነ። ስትቀጥን እጄን አነሣለሁ፣ ሎበሌ ዳር ይዞ ሞተሩን ያሳርፈዋል፣ እንደገና እንነሣለን። ኦሞ ግራና ቀኙን ሞልቶ ሲያልፍ፣ አዞው ከዳር ሲንሸራተት፣ ወፍ በወፍ ላይ ሲነሣ፣ እኔ የማየው ቀዳዳ ብቻ ነበር። አልሰለቸኝም። በሕይወቴ አንድን ነገር በትክክል ያየሁበት ከሰዓት ቢኖር ያ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጀመሪያው መንደር ደረስን። በረዶው ገና አላለቀም ነበር። ሲስተር ትዕግሥት ወዲያው ሥራ ጀመረች። ሎበሌ ወደ ጎጆዎቹ ሄዶ አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ታቅፎ ተመለሰና ሰልፉ መሀል ቆመ። ተራዋ ሲደርስ ክንዷን ራሱ ያዘላት። ልጅቷ አለቀሰች፣ እሱም በጆሮዋ የሆነ ነገር እያለ አባበላት።

«ያንተ ናት?» አልኩት ሲወጣ።

«ሦስተኛዋ ልጄ ናት።»

ጥፋቴን ቀድሞኝ ነበር ያወቀው። ልጁ እዚህ እያለች፣ ሳጥኑ እየተጫነ፣ ለምን ለሲስተር እንዳልተናገረ ጠየቅኩት።

«አንተ ራስህ እንድትናገር ነው የጠበቅኩ» አለኝ።

«ባልናገርስ?»

ልጅቷን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወራት። «ገመዱ ሁለት ነው። አንዱ ሲታሰር ዝም አልኩ። ታደሰ ሁለተኛውን ሲያነሣ እናገር ነበር።»

ውድ አንባቢዎች፣ ታሪኩ ይህ ነው። ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ደብዳቤዬን በሌላ ደብዳቤ ሻርኩ። ቀጥዬ አርባ ምንጭ ሄጄ፣ በሰው ፊት አጭበርባሪ ያልኩትን ሽማግሌ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስሙ መጥፋቱን እንኳ አያውቅም ነበር፤ እጄን ይዞ ወደ ጀልባው ወሰደኝና ያን ጊዜ ሊያሳየኝ የፈለገውን አሳየኝ። ትክክለኛዋ ጎማ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ክረምቱ አልፎ ነበር። ኩፍኙም ቀድሞን ነበር፤ ከመድረሳችን በፊት በየመንደሩ የተቀበሩትን ልጆች የእኔ ደብዳቤ ስንት ቀን እንዳስጠበቃቸው ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን ኦሞራቴ ድልድይ አለ፤ ጀልባዋም የት እንደደረሰች አላውቅም። ጋሽ በቀለ ያስተማሩኝን ሁለት ሕግ አልጣልኩም፤ ለመኪና ዛሬም ልክ ናቸው። የማላውቀው ዕቃ ጋራዤ ሲገባ ግን ከመንካቴ በፊት ይዞት ለመጣው ሰው ብዙ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ሰዎቹ አንዳንዴ ይህ መካኒክ ሥራ አያውቅም ብለው ይሄዳሉ። ይሂዱ።

ስለ ሞተሩ የጠየቅኩት ሁሉ ተመልሶልኛል። የመጀመሪያው ገመድ እስኪታሰር ድረስ ለምን ዝም እንዳልኩ ግን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።